የልብ አንጠልጣይ ፊልም መግቢያና ከተመልካቹ ጋር የሚገባው ውል

(ለመምህራን ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ ትምህርት በሚመከርበት ጉባኤ ላይ ስለ ሲኒማ መናገር ለአንዳንዱ አድማጭ ከጉዳዩ መራቅ መስሎ ይታየው ይሆናል። ሲኒማ የመዝናኛ፣ ትምህርት ቤት ግን የሥራ ቦታ ነውና። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ላስተዋለው ሁለቱ ሙያዎች ከአንድ ችግር ይነሣሉ። ፊልም ሠሪውም ሆነ መምህሩ ሥራውን የሚጀምረው ልቡ በሌላ ቦታ ካለ ሰው ፊት ነው። ተመልካቹ የመንገዱን ጫጫታ፣ የቤቱን አሳብ፣ የኪሱን ጭንቀት ይዞ መጥቶ ይቀመጣል፤ ተማሪውም እንዲሁ ነው። ይህን የተበተነ ልብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰብስቦ ወደ አንድ ነገር ማዞር የሁለቱም የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ከፊልም ዓይነቶች ሁሉ ይህን ግዴታ በግልጥ ሲወጣ የሚታየውም ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ዛሬ ፊልም የሚታየው በሲኒማ ቤት ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ በቴሌቪዥን፣ በየኪሱም በእጅ ስልክ ይታያል። ብዙ ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ሳይጨርስ ፊልም ማየት ይጀምራል። የጽሑፍን ሰዋስው የሚያስተምረው መምህር አለው፤ የተንቀሳቃሽ ሥዕልን ሰዋስው የሚያስተምረው ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። እንግዲህ የዚህ ንግግር ዓላማ፣ ልብ አንጠልጣይ ፊልም በመግቢያው ላይ ምን እንደሚያደርግ በታወቁ ሥራዎች እያስረዱ፣ መምህሩ ከዚህ ምን ሊያተርፍ እንደሚችልና ከምንስ ሊጠነቀቅ እንደሚገባው ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከስሙ መጀመር ይሻላል። «ልብ አንጠልጣይ» የተባለው የአማርኛ ስም ነገሩን በሚገባ የሚገልጽ ነው። ፈረንጆቹ ይህንኑ ስሜት «ሰስፔንስ» ሲሉት፣ ቃሉ የወጣው «አንጠለጠለ፣ ሰቀለ» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ሁለት የተራራቁ ቋንቋዎች በአንድ ምሳሌ መገናኘታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይመስልም። የተንጠለጠለ ነገር ገና አልወደቀም፤ ነገር ግን አላረፈም። የሚይዘው ገመድ እንዳለ ይታያል፤ ገመዱ እስከ መቼ እንደሚጸና ግን አይታወቅም። የልብ አንጠልጣይ ፊልም ተመልካች የሚቀመጠው በዚህ በሚታወቀውና በማይታወቀው መካከል ነው።

እያንዳንዱ የፊልም ወገን ወይም ዘውግ የራሱ ልማድ አለው። ልማድ ማለት በሠሪውና በተመልካቹ መካከል ሳይጻፍ የጸና ውል ነው። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ማታ ምድጃ ዳር አንዱ ልጅ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል። በዚህች በአንዲት የቃል ልውውጥ ብዙ ነገር ተፈጽሟል። ጠያቂው መልስ ያለው ነገር ለመጠየቅ ቃል ገብቷል፤ ተጠያቂውም ለማሰብ፣ ካልቻለም አገር ለመስጠት ተስማምቷል። መልስ የሌለው እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር ጓደኞቹ አታላይ ብለው ከጨዋታው ያስወጡታል። ልብ አንጠልጣይ ፊልምም በመግቢያው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተመልካቹም በመቀመጫው ላይ ተስተካክሎ በመቀመጥ «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል።

ፊልሙ ይህን ጥሪ የሚያቀርብባቸው ምልክቶች ብዙ አይደሉም፤ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ጨለማና ጥላ ነው፤ ሰው ከመታየቱ በፊት ጥላው ይታያል። ሁለተኛው የተሰወረ አካል ነው፤ እጅ ይታያል፣ ጫማ ይታያል፣ ፊት ግን አይታይም። ሦስተኛው የሰዓት መቍጠር ነው፤ አንድ ነገር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንደሚፈጸም ይነገራል። አራተኛው ድምፅ ነው፤ ዓይን ገና ያላየውን ጆሮ አስቀድሞ ይሰማል። አምስተኛው ከፍጻሜው መጀመር ነው። በ1944 ዓ.ም. ቢሊ ዋይልደር ያዘጋጀው «ደብል ኢንደምኒቲ» የተባለው ፊልም የሚጀምረው በሌሊት አንድ መኪና ሲከንፍ ነው። ከመኪናው የወረደው የቈሰለ ሰው ወደ ሚሠራበት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሴት ብሎ ሰው እንደ ገደለ፣ ገንዘቡንም ሴቲቱንም እንዳላገኘ በድምፅ መቅረጫ ላይ ይናዘዛል። ገዳዩ ማን እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ታወቀ። ተመልካቹ ግን ከመቀመጫው አይነሣም፤ ጥያቄው «ማን ገደለ?» ከሚለው ወጥቶ «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ?» ወደሚለው ተለውጧልና።

ከነዚህ ልማዶች፣ ይልቁንም ከጥላው አጠቃቀም፣ ብዙው የተፈተነው በጀርመን አገር ነው። ናዚዎች በ1933 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዙ እንደ ፍሪትዝ ላንግና እንደ ቢሊ ዋይልደር ያሉት ፊልም ሠሪዎች በርሊንን ለቀው ተሰደዱ፤ በመጨረሻም አሜሪካ ገቡ። ጥበባቸውም አብሯቸው ተሻገረ። የሆሊውድ የወንጀል ፊልም ጨለማ ከፊሉ የስደተኞች ስጦታ ነው።

ልማዶቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስረዳ ከሁሉ የላቀ ምሳሌ ላንግ ከመሰደዱ በፊት በ1931 ዓ.ም. ያዘጋጀው «ኤም» የተባለው ፊልም ነው። ይህ ፊልም የላንግ የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ሥራ ነበር። ገና መጋረጃው ጨለማ ሳለ የአንዲት ልጅ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ልጆች በግቢ ውስጥ ክብ ሠርተው ቆመው ይታያሉ፤ አንዲቱ ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ በሚናገር የመቍጠሪያ ግጥም ጓደኞቿን ከጨዋታው ታስወጣለች። የልብስ ቅርጫት የተሸከመች ሴት ከላይ ሆና ያን ግጥም እንዲተዉ ትቈጣቸዋለች። ሌላይቱ ሴት፣ ልብስ አጣቢዋ እናት ግን፣ ድምፃቸው እስከ ተሰማ ድረስ ደኅና መሆናቸው ይታወቃል ብላ ትመልሳለች። ተመልካቹ ይህን ቃል ልብ ሳይለው ያልፈዋል፤ በኋላ ግን እንደ እሾኽ ይወጋዋል።

የግድግዳው ሰዓት 12 ይመታል፤ በጀርመኖች አቈጣጠር እኩለ ቀን ነው። እናት ልጇ ኤልዚ ከትምህርት ቤት ልትመለስ ነውና ደስ ብሏት ምሳ ታሰናዳለች። ኤልዚ ኳሷን እያነጠረች ትሄዳለች። ኳሷን የምታነጥርበት የማስታወቂያ ዓምድ፣ ገዳዩን ላመለከተ 10,000 ማርክ እንደሚሸለም የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎበታል። በዚያ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ጥላ ያርፋል፤ ጥላውም በለሰለሰ ድምፅ ኳሷን ያደንቅላታል። ሰውየው ከዕውር ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል፤ እየገዛም የኤድቫርድ ግሪግን የታወቀ ዜማ ያፏጫል። ከዚህ በኋላ ፊልሙ ወደ እናቲቱ ይመለሳል። ሰዓቱ ይገፋል። ትጣራለች። ባዶ ደረጃ ይታያል፤ ልብስ የተሰጣበት ባዶ ሰገነት ይታያል፤ በጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ሳሕን ይታያል። ኳሷ ከቍጥቋጦ ሥር ተንከባላ ወጥታ ትቆማለች። ፊኛው በቴሌግራፍ ሽቦ ላይ ተጠላልፎ ይወዛወዛል፤ ነፋስም ይወስደዋል።

ግድያው አልታየም፤ የፈሰሰ ደምም አልታየም። ጭካኔውን የፈጸመው የተመልካቹ የራሱ አሳብ ነው። እናት የድምፃቸውን መሰማት የደኅንነት ምልክት አድርጋ ነበር፤ አሁን ጸጥታው ራሱ መርዶ ሆነ። ሦስቱን ልማዶች፣ ጥላውን፣ ሰዓቱንና ድምፁን፣ ላንግ ዐሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አዋሕዶ ሠራባቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን እንደ ተራ ጌጥ የገባው ፉጨት ነው። ኋላ ገዳዩን የሚያጋልጠው ያው ዕውር ፊኛ ሻጭ ነው፤ ፉጨቱን በጆሮው ለይቶ ያውቀዋልና። በመግቢያው የተበደረውን በፍጻሜው መክፈል ማለት እንዲህ ነው።

ልብን ማንጠልጠልና ሰውን ማስደንገጥ አንድ እንዳልሆኑ ከሁሉ ይልቅ አብራርቶ ያስተማረው እንግሊዛዊው አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። በ1962 ዓ.ም. ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ሰፊ ውይይት፣ በ1966 ዓ.ም. በመጽሐፍ በታተመው፣ አንድ ምሳሌ ሰጥቷል። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀ ቦምብ ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ ምንም ሳያውቅ ለ15 ሴኮንድ ያህል ይደነግጣል። ቦምቡ ሲቀመጥ ተመልካቹ አይቶ ቢሆን፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ቢያውቅ፣ ያው ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ የማያስቀምጥ ይሆናል፤ ተመልካቹ «ወሬውን ተዉትና ተነሡ!» ብሎ ሊጮኽ ይቃጣዋል። የምሳሌው ፍሬ ነገር ግልጥ ነው። ልብን የሚያንጠለጥለው ዕውቀት ነው፤ አለማወቅ ብቻውን ማስደንገጥ እንጂ ማንጠልጠል አይችልም።

በዚህ ትምህርት ላይ የተሠራ የሚመስል መግቢያ ኦርሰን ዌልስ በ1958 ዓ.ም. ባወጣው «ተች ኦፍ ኢቭል» (የክፋት ንክኪ) በተባለው ፊልም ይገኛል። በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ላይ በምትገኝ ከተማ፣ ፊቱ ያልታየ ሰው እጅ የቦምብ ሰዓት ሲሞላ ከቅርብ ይታያል። ሰውየው ሮጦ ቦምቡን በአንድ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ባለጸጋና አንዲት ሴት እየሣቁ መጥተው ይሣፈራሉ። ካሜራው በክሬን ላይ ተነሥቶ በጣሪያ ላይ አልፎ፣ ወደ መንገድ ወርዶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ መኪናውን ይከተላል። በዚያው መንገድ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት በእግራቸው ይሄዳሉ። መኪናው ይቀድማቸዋል፤ የመንገዱ ሕዝብ ሲያቆመው እነርሱ ይደርሱበታል፤ በኬላው ላይም ጎን ለጎን ይቆማሉ። በመኪናው ውስጥ ያለችው ሴት አንድ የሚቈጥር ድምፅ በራሷ ውስጥ እንደሚሰማት ትናገራለች፤ የሚያዳምጣት ግን የለም። ባልና ሚስቱ ድንበሩን ተሻግረው ሊሳሳሙ ሲሉ ፍንዳታው ይሰማል።

ያ መቋረጥ የሌለበት አነሣሥ ለታይታ የተደረገ አይደለም። ሥዕል ሲቋረጥ ጊዜ ሊዘለል ይችላል፤ ሳይቋረጥ ሲቀር ግን በፊልሙ ውስጥ የሚቈጥረው ሰዓትና በተመልካቹ እጅ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ይሆናሉ። ተመልካቹ መሸሻ ያጣል። ሆኖም ፊልሙን ያስወጣው ኩባንያ በዚሁ ትዕይንት ላይ የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር ደረበበት፤ የሄንሪ ማንቺኒንም ሙዚቃ አሰማበት። ዌልስ ኩባንያው በፊልሙ ላይ ያደረገውን ለውጥ በመቃወም 58 ገጽ ያለው ማስታወሻ ጻፈ፤ ጥያቄው ግን በአመዛኙ አልተፈጸመለትም። ዌልስ በ1985 ዓ.ም. ሞተ። በ1998 ዓ.ም. ዋልተር መርች ያንን ማስታወሻ ተከትሎ ፊልሙን እንደ ገና አደራጀው፤ ስሞቹን አነሣ፤ በሙዚቃው ፈንታ ከየመጠጥ ቤቱ በርና ከመኪናው ሬዲዮ የሚወጣውን የመንገድ ድምፅ አሰማ። ሁለቱን አጀማመሮች አነጻጽሮ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይማራል። ዓይን ስም እንዲያነብ ከታዘዘ ቦምቡን ይረሳል። የሰው ልብ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጌታ አይገዛም።

ዕውቀትን ያለ ንግግር መስጠት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ሂችኮክ በ1954 ዓ.ም. ባወጣው «ሪር ዊንዶው» (የጓሮ መስኮት) በተባለው ፊልም መግቢያ የመስኮት መጋረጆች አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ የቲያትር መድረክ እንደሚከፈት ማለት ነው። ካሜራው የጎረቤቶቹን መስኮቶች ከዞረ በኋላ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በላብ የወረዛ ግምባር፣ ሙቀቱ ማየሉን የሚያሳይ ቴርሞሜትር፣ በጀሶ የታሰረ እግር፣ የተሰበረ ካሜራ፣ በእሽቅድምድም ላይ የተገለበጠ መኪና ፎቶግራፍ ተራ በተራ ይታያሉ። ሰውየው ፎቶግራፍ አንሺ እንደሆነ፣ አደጋን የሚደፍር እንደሆነ፣ በዚህም እግሩ እንደ ተሰበረና ከቤት መውጣት እንደማይችል ማንም ስለ እርሱ አንድ ቃል ሳይናገር ታወቀ። መደምደሚያውን የደረሰበት ተመልካቹ ራሱ ነው። ሰው ራሱ የደረሰበትን ነገር በቀላሉ አይረሳም፤ ይህንን መምህራን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ውሉን ሆን ብሎ ስለ ማፍረስ ሲነሣ የሂችኮክን «ሳይኮ» ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ፊልሙ የወጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። ሶል ባስ የነደፈው የስም ዝርዝር በተሰነጣጠቁ መሥመሮች ይመጣል ይሄዳል፤ የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃም በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የሚጫወት ሆኖ ነርቭ ይነካል። ይህ ሁሉ አደጋ አለ የሚል ምልክት ነው። ቀጥሎ ግን የሚመጣው ፀሐይ የመላባት የፊኒክስ ከተማ ናት። ቀኑ፣ ወሩና ሰዓቱ እንደ ፖሊስ መዝገብ በጽሑፍ ይገለጣል፤ ከቀትር በኋላ 2፡43 ነው ይላል። ካሜራው ከብዙ መስኮቶች አንዱን መርጦ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ይገባል። በውስጡም ለመጋባት ገንዘብ ያጡ ሁለት ሰዎች ይገኛሉ። ሴቲቱ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ባንክ እንድታስገባው አደራ የተሰጣትን 40,000 ዶላር ይዛ ትጠፋለች።

ተመልካቹ ውሉን የተረዳ መሰለው፤ «ትያዝ ይሆን ወይስ ታመልጥ?» የሚል ታሪክ ነው ብሎ ተቀመጠ። ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ግን ሴቲቱ ከወንጀሏ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ትገደላለች፤ ገንዘቡም ከንቱ ይሆናል። በዚያን ዘመን በስም የታወቀችን ተዋናይ፣ ጃኔት ሊን የመሰለችውን፣ እንዲህ በመካከል ማጥፋት ያልተለመደ ነገር ነበር። ስለዚህም ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ ለሲኒማ ቤቶች ትእዛዝ ሰጠ፤ አርፍዶ የገባ ሰው ተዋናይቱን ሲፈልግ ፊልሙ ያልቅበታልና። በየማለዳው በር ላይ ከሚያረፍዱ ተማሪዎች ጋር የሚታገሉ ርእሳነ መምህራን ይህን ትእዛዝ በቅናት ቢያዩት አይፈረድባቸውም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሂችኮክ ልማዱን ሊያፈርስ የቻለው ተመልካቹ ልማዱን ስለሚያውቅ ነው። ሕጉን የማያውቅ ሰው ሕጉ ሲጣስ አይደነቅም።

ልማዶቹ ዛሬም አላረጁም። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው «ጆስ» (መንጋጋ) በተባለው ፊልም መግቢያ አንዲት ወጣት በሌሊት ባሕር ውስጥ ትዋኛለች፤ ካሜራው ከሥር ሆኖ ያያታል፤ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ሁለት ድምፆችን እየደጋገመ ይቀርባል። ዓሣ ነባሪ ያህል የገዘፈው ሻርክ ግን አይታይም። በ1931 ዓ.ም. በላንግ ፊልም ጥላና ፉጨት የሠሩትን፣ ከ44 ዓመት በኋላ የውሃ ጨለማና ሁለት የሙዚቃ ድምፆች ሠሩት። ልብሱ ተለወጠ እንጂ አካሉ አንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ምስጋና ነው፤ አሁን ደግሞ ተግሣጹ ሊመጣ ይገባል። ልማድ ለጥበብ እንደሚያገለግል ሁሉ ለስንፍናና ለጭፍን ፍርድም ያገለግላል። የስንፍናው ምልክት፣ በመግቢያው ብዙ ቃል ገብቶ በፍጻሜው ምንም የማይከፍል ፊልም ነው፤ በር ይንቋቋል፣ ሙዚቃ ይጮኻል፣ ከበሩ በስተኋላ ግን ድመት ብቻ ይገኛል። ይህ መልስ እንደሌለው እንቆቅልሽ ያለ ማታለል ነው።

ጭፍን ፍርዱ ግን ከዚህ ይከፋል። የመግቢያ ጊዜ አጭር ስለሆነ ፊልሙ የሚፈራውን ሰው በፍጥነት ማመልከት አለበት፤ ለፍጥነቱም ሲል ብዙ ጊዜ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚጠላውን መልክ ይጠቀማል። ጠባሳ ያለበት ፊት፣ የባዕድ አነጋገር፣ ጥቍር ቆዳ፣ የድኻ ልብስ የክፋት ምልክት ሆነው በብዙ ፊልሞች ታይተዋል። በዌልስ ፊልም እንኳ ቅን የሆነውን ሜክሲኳዊ ሹም የሚጫወተው ፊቱን በቀለም ያጠቈረ አሜሪካዊ፣ ቻርልተን ሄስተን፣ ነው። ፊልሙ ግን ልማዱን በአንድ በኩል ገልብጦታል፤ ሕግ የሚያከብረው ሜክሲኳዊው ሲሆን፣ የሐሰት ማስረጃ የሚፈጥረው አንቱ የተባለው የአሜሪካ ፖሊስ አዛዥ ነው። የላንግ ፊልም ከዚህም አልፎ ሄዷል። ፒተር ሎሬ የተጫወተው ነፍሰ ገዳይ ክብ ፊት ያለው፣ ልስልስ፣ በመንገድ ላይ ማንም ልብ የማይለው ሰው ነው። የከተማይቱ ሕዝብ ግን ገዳይ ይህን ይመስላል የሚል አሳብ ይዞ፣ ሰዓት ለጠየቀች ሕፃን የመለሰውን ንጹሕ ሽማግሌ ከቦ ያዋክባል። ፊልሙ የፍርሃትን ልማድ እየተጠቀመ፣ ያ ልማድ ሕዝብን እንዴት እንደሚያሳብደው አሳየ። በጀርመን አገር ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከባድ ትምህርት ነው።

እንግዲህ መምህሩ በዚህ ሁሉ ምን ያድርግ? በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሊሞከር የሚችል፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አንድ መንገድ አለ። የአንድ ፊልም መግቢያ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ፣ ይመረጥ። የተጠቀሱት ፊልሞች ስለ ግድያ የሚናገሩ ናቸውና ለሕፃናት አይሆኑም፤ ለዕጩ መምህራን ግን ይጠቅማሉ። መግቢያው በመጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ ይታይ፤ ቀጥሎ ዓይን ተጨፍኖ ድምፁ ብቻ ይሰማ፤ በሦስተኛው ሁለቱም በአንድነት ይቅረቡ። ከዚያም ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡ። አንደኛ፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው የማያውቀው፣ ተመልካቹ ግን የሚያውቀው ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፤ ፊልሙ ማንን እንድንፈራ ያደርጋል፣ በምንስ ምልክት? ሦስተኛ፤ ፊልሙ ምን ቃል ገብቷል? ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሲያይ እንደ ዳኛ ሆኖ ያያል፤ የተበደረው ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም ብሎ ይጠይቃልና። ይኸው ልማድ ጋዜጣ ሲያነብም፣ የገበያ ማስታወቂያ ሲሰማም፣ የፖለቲካ ንግግር ሲያዳምጥም አይለየውም። ልቡ በምን ገመድ እንደ ተንጠለጠለ የሚያውቅ ሰው ገመዱን የያዘው እጅ የማን እንደሆነም ይጠይቃል።

ለማስተማሩ ሥራ ደግሞ ከቦምቡ ምሳሌ ብዙ ይገኛል። ሁለት መምህራን ስለ ፈሳሽ ጥግግት ሊያስተምሩ ገቡ እንበል። አንደኛው «የዛሬው ትምህርት ጥግግት ነው» ብሎ ትርጓሜውን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሁለተኛው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ በአንዱ እንቍላል ሲጥል ይሰምጣል፤ በሌላው ሲጥል ይንሳፈፋል። ጨው መኖሩን ገና አልተናገረም። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይህ መምህር ለተማሪዎቹ ያሳያቸው አለ፤ የሰወረባቸውም አለ፤ ልባቸውን ያንጠለጠለው ሁለቱን በልክ ማዋሐዱ ነው። ነገር ግን እንቍላሉን ተንሳፍፎ ትቶ ወደ ሌላ ነገር ቢያልፍ፣ ቃል ገብቶ እንደማይከፍለው ፊልም ይሆናል፤ በሚቀጥለውም ቀን ማንም አያምነው። በልክ መጀመር ብቻውን አይበቃም፤ የተንጠለጠለውን ልብ በዕውቀት ላይ ማሳረፍ ይገባል። በዌልስ ፊልም ላይ እንደ ተደረበው የስም ዝርዝርም፣ ተማሪው እንቍላሉን ሲያይ ማስታወሻ እንዲገለብጥ ማዘዝ ሁለቱንም ማሳጣት ነው።

በዚህ ላይ ፊልም ሠሪውና መምህሩ የሚለያዩበትን ነገር መዘንጋት አይገባም። ፊልም ሠሪው ተመልካቹን ሁለት ሰዓት ያህል ይዞ ያሰናብተዋል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ተመልሶ እንዲመጣ ይሻል። መምህሩ ግን ተማሪው አንድ ቀን ያለ እርሱ እንዲጠይቅ፣ የራሱን እንቆቅልሽ ራሱ እንዲያነሣ ይደክማል።

የመጨረሻው ቃል ስለ ጭፍኑ ፍርድ ይሁን። የትምህርት ዘመን የመጀመሪያ ቀን ለመምህሩ እንደ ፊልም መግቢያ ነው። 50 ወይም 60 የማያውቃቸው ፊቶች ፊቱ ይደረደራሉ። ከኋላ የተቀመጠው፣ ልብሱ የተቀደደው፣ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋው ልጅ በአንድ አፍታ ሰነፍ ተብሎ ይመዘገባል፤ ከፊት የተቀመጠው፣ ንጹሕ የለበሰው፣ ፈጥኖ እጁን የሚያወጣው ጎበዝ ይባላል። ይህ ፍርድ ከማስረጃ የመጣ አይደለም፤ ከልማድ የመጣ ነው፤ የጠባሳና የጥላ ልማድ ነው። ጥሩ ፊልም በመግቢያው ያሳሳተንን በፍጻሜው ያርመናል፤ ነፍሰ ገዳዩ ክብ ፊት ያለው ልስልስ ሰው እንደ ነበር፣ የተዋከበውም ሽማግሌ ንጹሕ እንደ ነበር ያሳየናል። በትምህርት ቤት ግን የተሳሳተ መግቢያ የሚያርም ፍጻሜ ሁልጊዜ አይገኝም፤ በመስከረም ሰነፍ የተባለ ልጅ በሰኔም ሰነፍ ሆኖ ይገኛል፤ እንደዚያ ሆኖ እንዲገኝ ተደርጓልና። የፊልምን መግቢያ ማንበብ የተማረ መምህር የራሱን የመጀመሪያ ቀን ፍርድም አንብቦ ይጠራጠረው። ያን ጊዜ በዚህ ጉባኤ ስለ ሲኒማ የተነገረው ከንቱ አይሆንም።

እግዚአብሔር የማኅበሩን ሥራ ይባርክ።